ሦስተኛው ሆዲ

«እንግዳ ገብቷል» ይላል የሪዚኪ ስክሪን። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ ታቱ በሌላ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። የእሷም ስክሪን «በሩ ተከፍቷል» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ጭጭ ብሏል። በሁለቱ መካከል ሰማያዊ ገመድ መሬት ለመሬት ተዘርግቷል። የቀሩት የኮምፒውተር ክበቡ አባላት፣ ዐሥራ አንድ ልጃገረዶች፣ ገመዱን እንዳይረግጡ እግራቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራው የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ነበር።

«ምነው ዝም አሉ?» አለች ሳኡሙ። አፏ በማቡዩ ቀልቷል፤ በቀይ ስኳር የተለወሰውን የባኦባብ ፍሬ ክፍል ውስጥ መምጠጥ ክልክል ቢሆንም፣ ሳኡሙን የሚከለክል ሰው እስካሁን በሞምባሳ አልተገኘም። «ተኮራርፈው ነው እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። የሪዚኪ ፊት ግን እስከ ጆሮዋ ጋለ።

ነገሩ እኮ ቀላል መሆን ነበረበት። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። ክበቡ ለእንግዶቹ የጥያቄና መልስ ውድድር ሊያሳይ አስቧል፤ ጥያቄው ከአንድ ኮምፒውተር ይወጣል፣ በሌሎቹ ላይ የተቀመጡት ይሽቀዳደማሉ፣ ቀድሞ የመለሰ ነጥብ ያገኛል። ለዚህ ሁለት ፕሮግራም ያስፈልጋል። አንዱ ሰርቨር ነው፤ የበር ቁጥር ይዞ፣ በሩን ከፍቶ፣ የሚመጣውን ይጠብቃል። ሌላው ክላየንት ነው፤ ወደዚያ ቁጥር ሄዶ ያንኳኳል። ፓይተን ውስጥ ሶኬት የሚባል ተጽፎ ያለቀ መሣሪያ ስላለ፣ በሩን መክፈቱም ማንኳኳቱም ያን ያህል ራስ አያዞርም። ጣጣው ያለው በሩ ከተከፈተ በኋላ ምን እንደሚባባሉ መጻፉ ላይ ነው።

ሰርቨሩን ሪዚኪ ጻፈች፣ ክላየንቱን ታቱ። ሪዚኪ ቤቷ ኮምፒውተር ስለሌለ ከትምህርት በኋላ እዚሁ ክፍል እየቀረች፣ ታቱ ደግሞ ቤቷ በወንድሟ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሦስት ሳምንት ለፉበት። የመጀመሪያው ቀን ሪዚኪ ደብተር ጀርባ ላይ የተስማሙባትን ነገር በአንድ መስመር ጽፈዋል፦ «መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ።» ሰላምታው የታቱ ሐሳብ ነበር። «ዘሎ ጥያቄ የሚጠይቅ ባለጌ ነው፣ ኮምፒውተርም ቢሆን» ብላ ነው ያጻፈቻት። ከዚያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትንሽ መሞከሪያ ሠርተው ፈተሹ፤ የሁለቱም ሠራ። ዛሬ ረቡዕ ታቱ ፍላሿን ከኪሷ አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። ተገናኙና ዝም አሉ።

«የኔ ይሠራል» አለች ሪዚኪ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«የኔም ይሠራል» አለች ታቱ።

«እንግዲያው ይሥራ!»

«እኔ ላይ ምን ያስጮህሻል? ቤት ሃያ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።»

«በይ አሳዪና።»

«መሞከሪያው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ቤት ቀርቷል።»

«ቤት ቀርቷል» ብላ ሳኡሙ አስመሰለቻት፤ ክፍሉ እንደገና በሳቅ ሞላ። ሪዚኪ ጊዜ አላጠፋችም። የራሷን መሞከሪያ ከፈተች፣ ሰርቨሯን አስነሣች፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይውል ሳያድር ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፦ «በቀጭኔ አንገት ውስጥ ስንት አጥንት አለ?» ልጆቹ አጨበጨቡ።

መምህር ካታና እስከዚያ ድረስ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያይ ነበር። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲጨነቅ ድምፁ ከፍ አይልም፣ ይብሱን ይቀንሳል።

«ሪዚኪ፣ የታቱን ኮድ አንብበሽዋል?»

አላነበበችውም። መስመሩን ቀርቶ የፋይሉን ስም እንኳ አላየችም። ግን ዐሥራ አንድ ልጆች ያዩዋታል፣ ጭብጨባው ገና ከጆሮዋ አልወጣም፣ ደግሞም ስሕተቱ የሷ እንዳልሆነ አሁን በዐይናቸው አይተዋል። ካልሆነ ደግሞ የታቱ ነው። የሌላ የማንም ሊሆን አይችልም።

«አዎ መምህር፣ አንብቤዋለሁ» አለች። «ችግሩ እዚያ ነው።»

ታቱ ቀና ብላ አየቻት። አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም፤ ዝም ብላ ብቻ አየቻት።

መምህር ካታና በረጅሙ ተነፈሰ። «ቀሪው ሁለት ቀን ነው። ታቱ፣ ለዚህኛው ጊዜ ዕረፊ። ክላየንቱንም ሪዚኪ ትጨርሰዋለች።» ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄደና ጎን ለጎን ከተጻፉት ሁለት ስሞች አንዱን በመዳፉ አጠፋው።

ታቱ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም። ፍላሿ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

ሐሙስ ታቱ ክፍል ውስጥ ቦታ ቀይራ ከኋላ ተቀመጠች። ሪዚኪ ሰባቱንም ክፍለ ጊዜ አንገቷ ሳይዞር ስለ ኋላዋ ብቻ ስታስብ ዋለች። ራሷን ደጋግማ አጽናናች። የማይሠራ ነገር አይሠራም፤ እኔ ምን ላድርግ? ውሸቷንም ቢሆን ትንሽ አድርጋ ለማየት ሞከረች፤ አንድ ቃል ናት፣ ደግሞስ ብታነበው ኖሮ ስሕተቱን ታገኘው አልነበር? በምሳ ሰዓት ግን የእናቷን ማሃምሪ፣ ያንን ሁሌ ከታቱ ጋር የምትሻማበትን ጣፋጭ ጥብስ ዳቦ፣ ሳትነካው መለሰችው።

ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገባች። ክላየንቱን ከባዶ መጻፍ ትችላለች፤ የመልስ ቁልፎቹንና ቀለማቱን ግን ታቱ ሁለት ሳምንት የለፋችበት ስለሆነ እነሱን መቅዳት ይሻላል። ፍላሹን ከፈተችው። የታቱን ኮድ ስታየው ያ የመጀመሪያዋ ጊዜ ነበር።

ኮዱ ጽዱ ነው። ታቱ ደብተሯ ሁሉ የማቡዩ ቀይ ጣት የታተመበት ዝርክርክ ልጅ ናት፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ መስመር በቦታው ተሰድሯል፣ ከእያንዳንዱ ክፍል በላይ ለሚያነብ ሰው አጭር ማስታወሻ ተጽፏል። ሪዚኪ ወረድ እያለች አነበበች። በሩን አንኳኳ፤ ካልተከፈተ እስከ ሦስቴ ሞክር። እሺ። በሩ ሲከፈት አሳውቅ። እሺ። ከዚያ እንዲህ የሚል ማስታወሻ መጣ፦

«ካሪቡ እስክባል ድረስ አልናገርም።»

ሪዚኪ እጇን ከኪቦርዱ አነሣች።

ቀጣዩ መስመር ይጠብቃል። ከሰርቨሩ «ካሪቡ»፣ ማለትም «ግባ»፣ የሚል ቃል እስኪመጣ ድረስ ክላየንቱ ትንፍሽ አይልም። ከሥሩ ሌላ ማስታወሻ አለ፦ «ካሪቡ ካሉኝ ገብቼ ሺካሞ እላለሁ። ማራሃባ ሲሉኝ ጥያቄውን እቀበላለሁ።»

ሪዚኪ የራሷን ሰርቨር ከጎኑ ከፈተችው፤ መክፈቱ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፣ በቃሏ ታውቀዋለች። ሰርቨሩ ጥያቄ የሚያወጣው ስለሆነ ስትጽፈው እንደ መምህር፣ እንደ ትልቅ ሰው አድርጋ ነው የቆጠረችው። ታናሽ ደግሞ ታላቁን ቀድሞ ሺካሞ ይላል፤ ትልቅ ሰው ማራሃባ ብሎ ይመልሳል እንጂ ሰላምታ አይጀምርም። ይህ ገና መራመድ ሳትጀምር የተማረችው ነገር ነው። ስለዚህ ሰርቨሯ በሩን ከፍቶ፣ እንግዳውን አስገብቶ፣ ሺካሞ እስኪባል ይጠብቃል። የታቱ እንግዳ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ካሪቡ እስኪባል ይጠብቃል። የሪዚኪ መሞከሪያ እንደ ሪዚኪ ያስባል፣ የታቱም እንደ ታቱ፤ ለየብቻ ሁሉም ነገር ሰመረ። ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም በደንብ ያደጉ፣ ሁለቱም ደህና! እርስ በርስ ሲገናኙ ግን ሁለቱም ሌላው እስኪናገር ጠበቁ።

ሰርቨሩ ውስጥ፣ በሩ ከሚከፈትበት መስመር ቀጥላ፣ አንዲት መስመር ጨመረች፤ የገባ ሁሉ ወዲያው «ካሪቡ» እንዲባል። ከዚያ በሰማያዊው ገመድ ጫፍ ወዳለው ኮምፒውተር ሮጣ የታቱን ክላየንት አስነሣች፣ ተመልሳ ሮጠች።

ካሪቡ።
ሺካሞ።
ማራሃባ።
በቀጭኔ አንገት ውስጥ ስንት አጥንት አለ?

«ኡፍፍፍ!» አለች ሪዚኪ ጮክ ብላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አንድ ዙር ዞረች። ከዚያ ሌላ ዙር። ከረቡዕ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶ ሄደ፤ የተበላሸ ነገር አልነበረም፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ቅዳሜ አታፍርም። ሰባት! የቀጭኔ አንገት ሰባት አጥንት ነው ያለው፣ ልክ እንደ ሰው። መልሱን ራሷ ጻፈችና ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ አበራላት፤ አረንጓዴውን የመረጠችው ታቱ ናት።

ሦስተኛውን ዙር ሳትጨርስ ወንበሯ ቆመ።

ተስማሙባት የተባለችው መስመር «መጀመሪያ ሰላምታ» ብቻ ነው የምትለው፤ ማን ይጀምር አትልም። በዚህ ሁለቱም ጥፋተኞች አይደሉም ይባል ይሆናል። ግን የታቱ ክላየንት ሺካሞውንም አልረሳም፣ ማራሃባውንም ጠብቋል፤ እንግዳ ከደጅ እስከ ወንበር የሚለውን ሁሉ አስባበታለች። ካሪቡ ሳይል እንግዳ ያስገባው የሪዚኪ ሰርቨር ነው። ያ ሁሉ ደግሞ ፋይሉን ለከፈተ ሰው በግልጽ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ለማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንብቤዋለሁ ያለችው እሷ።

ለማንም ባትናገርስ? አንድ መስመር ናት። ቅዳሜ ውድድሩ ይሠራል፣ ወላጆች ያጨበጭባሉ፣ ሪዚኪ የታቱን ስሕተት በሁለት ቀን ያቃናች ጎበዝ ትባላለች። ማንም ኮዱን አያነበውም፤ እሷ ራሷ እንኳ አንብባው አልነበረም። ይህን ስታስብ ያ የሄደው ነገር ተመልሶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ፤ ይባስ ብሎም ከበደ።

መምህር ካታና ወደ ቤቱ ሊሄድ ቦርሳውን እየዘጋ ሳለ ነው በመምህራን ክፍል በር ላይ የደረሰችበት።

«መምህር፣ ሠርቷል።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» ፊቱ በራ። «ምን ሆኖ ነው?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ታቱ እንዲህ አድርጋ፣ ታቱ እንዲያ አድርጋ። ሪዚኪ ዋጠችው።

«የኔ ነበር» አለች። «የታቱ ደህና ነው። ከኔም የተሻለ ነው።»

«ረቡዕ አንብቤዋለሁ አላልሽኝም?»

«አላነበብኩትም ነበር። ዛሬ ነው ያነበብኩት።» አንዴ ከወጣ በኋላ የቀረው ቀለላት። «ዋሸሁዎት መምህር።»

መምህር ካታና ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ሪዚኪ የወለሉን ሸክላዎች ቆጠረች። ከዚያ ስሕተቱን እንድታስረዳው ጠየቃት፤ አስረዳችው። ሺካሞ ጠባቂውንና ካሪቡ ጠባቂውን ሲሰማ የከንፈሩ ጥግ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እንግዲያው ሁለት ጨዋዎች በር ላይ ተፋጠው ቀሩ በይኛ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ጨርሶ መነጽሩን ጠረገ። «እኔም ብሆን ማየት ነበረብኝ። የአንድ ሰው ቃል ይዤ የልጅ ስም አጠፋሁ።»

«አሁን ይጻፉትና መምህር።»

«እዚህ? ማን ያየዋል? ዐሥራ አንድ ልጅ እያየ ነው የጠፋው፤ ዐሥራ አንድ ልጅ እያየ ነው የሚጻፈው። ቅዳሜ ጠዋት፣ እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ክበቡን እሰበስባለሁ። ታቱ ከመጣች።»

«ባትመጣስ?»

«ያንን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ቦርሳውን አነሣ።

ሪዚኪ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ከባዱ ነገር ገና ከፊቷ ነው፤ ደግሞም ትፈራለች። ግን እግሯ ከጠዋቱ ይልቅ ቀልሏት ነበር።

የታቱ ቤት በአሮጌው ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ላይ ነው። የተቀረጸው የእንጨት በር ተዘግቷል። ከላይ፣ ከፎቁ መስኮት፣ የላፕቶፕ ዘፈን ይሰማል። በዚህ ቤት ዘፈን እንዲህ ጮክ አድርጋ የምትሰማ አንድ ሰው ብቻ አለች፤ እናቷ ቢ ራያ ቤት ቢሆኑ ኖሮ ዘፈኑ ይህን ያህል አይደፍርም። ሪዚኪ ሻርፗን አስተካክላ በሩ ፊት ቆመች።

«ሆዲ!»

ዘፈኑ ቀጥ አለ። መልስ ግን አልመጣም።

«ሆዲ!» አለች ደግማ፣ ትንሽ ከፍ አድርጋ። ከላይ ወለሉ ሲንቋቋ ሰማች። ሰው አለ። ካሪቡ የሚል ግን የለም።

ሰው ቤት ሄዶ ሆዲ፣ «ቤቶች» እንደማለት፣ የሚባለው ሦስቴ ነው። በሦስተኛው መልስ ከጠፋ፣ የቤቱ ሰው ወይ የለም ወይ አልፈለገም ማለት ነውና ወደ መጡበት መመለስ ነው። አራተኛ የሚል ሰው የለም፤ እንኳን ሰው፣ ሳኡሙም አትልም። ሪዚኪ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሦስተኛዋን ከተናገረቻት አለቀ። ከበሩ ጎን ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች፣ ቦርሳዋንም ጭኗ ላይ አደረገች።

የታቱ ጎረቤት ምዜ ፋኪ በዓሣ የተሞላ ዘንቢል ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ሺካሞ፣ ምዜ ፋኪ።»

«ማራሃባ ልጄ። ምነው ደጅ ቁጭ ብለሽ? ሰው የለም?»

«ሁለት ጊዜ ብያለሁ።»

«ሦስተኛውስ?»

«አስቀምጬዋለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ወደ ሪዚኪ አዩ። ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «በርቺ እንግዲህ» አሉና ዘንቢላቸውን ይዘው አለፉ። «ዓሣ ባይሆን ኖሮ እኔም አብሬሽ እቀመጥ ነበር፤ ይሸታል እንጂ።»

ጥላው ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ተነሥቶ እግሯ ድረስ መጣ። ሁለት ድመቶች ምዜ ፋኪን ተከትለው ሄዱ። ከዚያ ከላይ፣ ከመስኮቱ የእንጨት ፍርግርግ ጀርባ፣ ድምፅ መጣ።

«አሁንም አለሽ?»

ሪዚኪ ቀና አለች። ፍርግርጉ ውስጥ የሚታየው አንድ ዐይን ብቻ ነው። «አለሁ።»

«እስከ መቼ ልትጎለቺ ነው?»

«የኔ ሰርቨር የጊዜ ገደብ የለውም። ሳይሰለች ይጠብቃል።»

«የኔ ክላየንት ግን ሦስቴ ሞክሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አስተዳደግ አለው።»

«አይቻለሁ» አለች ሪዚኪ። «ዛሬ አነበብኩት።»

ዐይኑ ከፍርግርጉ ጀርባ አልተንቀሳቀሰም።

«ትናንት አላነበብኩትም ነበር፣ ታቱ። ውሸቴን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በምን አወቅሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፍላሹ እኮ ጠዋትም ከሰዓትም ኪሴ ውስጥ ነው የዋለው! እፊትሽ ነው አውጥቼ የሰካሁት። በየት በኩል አነበብሽው? በቀሚሴ አሻግረሽ?»

ሪዚኪ መሳቅም ማልቀስም አማራት። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? አንድ ቃል ብትናገሪ ጉዴ ይፈላ ነበር።»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ» አለች ታቱ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «መምህሩ ስሜን እስኪያጠፋ ድረስ፣ አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ ጠበቅኩ። በሩ ጋ ስደርስም ጠበቅኩ። ሼም ነው፣ ሪዚኪ። ሳኡሙ ሁሉ ስታስመስለኝ።»

«ይቅርታ» አለች ሪዚኪ። ሌላ የምትጨምረው ነገር ፈለገች፤ ያንን ያህል የሚመዝን አላገኘችም። «ለመምህር ካታና ነግሬዋለሁ። ስሕተቱ የኔ እንደሆነ፣ እንደዋሸሁም። ቅዳሜ ጠዋት በክበቡ ፊት ስምሽ ይጻፋል፤ ከመጣሽ።»

«ምን ነበር ስሕተቱ?»

«እንግዳሽን ካሪቡ ሳልለው ደጅ ገትሬው ነበር።»

ከላይ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ አመለጠ። «አንቺ! ሺካሞ እስክባል ብለሽ ነው? ሰርቨሯ እመቤት ሆና?»

«መምህር መስላኝ።»

«ፋራ» አለች ታቱ፤ አሁን ሳቅ መሆኑ ለየ። «እናትሽ ይህን ብትሰማ ዳግመኛ እንግዳ አታስቀብልሽም ነበር።»

መስኮቱ ተዘጋ። ሪዚኪ ከድንጋዩ መቀመጫ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ በሩ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ሦስተኛውን ከዚህ በላይ የምታስቀምጥበት ምክንያት አልታያትም።

«ሆዲ!» አለች ለሦስተኛ ጊዜ።

«ካሪቡ» አለ ከበሩ ጀርባ፣ ከተቀረጸው እንጨት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ታቱ ቀድሞውኑ ወርዳ ቆማ ኖሯል።

ዓርብ ከሰዓት ለውድድሩ የሚያስፈልጉትን አራት ኮምፒውተሮች አገናኝተው ሲሞክሩ ሌላ ነገር ተገኘ፤ የሪዚኪ ሰርቨር አንድ እንግዳ ሲቀበል ሌሎቹን ደጅ ያስጠብቃል። ታቱ «ይቺ ሰርቨር ዛሬም አልሠለጠነችም» እያለች፣ ሪዚኪ «ሙድ አትያዢብኝ» እያለች፣ እስኪመሽ ሳይጠብቁ አስተካከሉት። በዚህኛው ጊዜ ለውጡን ሁሉ በደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፉ፤ ማን ምን እንደሚል፣ ማንስ እንደሚጀምር። የታቱ ጣት አሻራ በቀዩ ከገጹ ጥግ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ወላጆች ሊገቡ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። የክበቡ ልጆች በሙሉ በኮምፒውተር ክፍሉ ተሰብስበው፣ መምህር ካታና ለምን እንደጠራቸው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ሰሌዳው ላይ ከሪዚኪ ስም ጎን የመዳፉ ነጭ ጥርጊያ አሁንም አለ። ታቱ በሩ አጠገብ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች፤ አላኮረፈችም፣ አልሳቀችም።

መምህር ካታና ጠመኔውን ብድግ አድርጎ በሁለቱ ልጆች መካከል ዘረጋው።

«እሺ» አለ። «ማን ይጀምር?»

ማራገቢያው ይዞራል። ሪዚኪ ወደ ታቱ አየች። ታቱ ትጠብቃለች።

«እኔ» አለች ሪዚኪ። ጠመኔውን ተቀብላ ነጩ ጥርጊያ ላይ የታቱን ስም በትልቁ ጻፈችው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ረቡዕ ዕለት፣ ኮዷን አንብቤዋለሁ ብዬ ነበር» አለች።

ሳኡሙ እንኳ ማቡዩዋን መምጠጥ አቆመች። ሪዚኪም ቀጠለች።